የሳይንስ አውደ ርዕዩ ሥራ የልጁ እንዲሆን

ጥያቄ፦ የአራተኛ ክፍል የሳይንስ መምህርት ነኝ። ከአምስት ሳምንት በኋላ የሳይንስ አውደ ርዕይ አለን፤ እንዳስተባብር የተመደብኩትም እኔ ነኝ። ባለፈው ዓመት የቀረበው አብዛኛው የወላጆች ሥራ ነበር። ሦስት እሳተ ገሞራና ሁለት የፀሐይ ሥርዓት ነበረን፤ ሁሉም ያምራሉ፣ ልጆቹ ግን ሲጠየቁ መመለስ አልቻሉም። የርዕስ ዝርዝር ሊሰጡኝ ይችላሉ? ወላጆችንስ ሳላስቀይም እንዴት ነው የማስቆማቸው? ሙከራው ያልተሳካለት ልጅስ ምን ይዞ ይቅረብ?

ምላሽ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህርት። ርዕስ መዘርዘሩ ቀላል ነው፤ ቁጭ ብዬ በአንድ ማታ ሃምሳ ልጽፍልዎ እችላለሁ። ግን አልጽፍልዎትም፤ ምክንያቱን ልንገርዎት። ባለፈው ዓመት ልጆቹ መልስ ያጡት ሥራውን ወላጅ ስለሠራው ብቻ አይመስለኝም። ጥያቄውም የእነሱ አልነበረም። ርዕስ ከላይ ሲሰጠው ልጁ የሚያስበው «ይህን እንዴት ላሳምረው» ብሎ ነው፤ ማሳመር ደግሞ የትልቅ ሰው እጅ ይፈልጋል። ወላጅ የሚገባው በዚያች ቀዳዳ ነው። ስለዚህ ሦስቱን ጥያቄዎችዎን እኔ እንደ አንድ ነው የማያቸው። ልጁ የራሱ ጥያቄ ካለው፣ ጥያቄውንም በገዛ እጁ ለክቶ ሊመልሰው ከቻለ፣ ለወላጅ የሚተርፈው ሥራ ትንሽ ነው፤ «አልተሳካም» የሚባለው ነገርም አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል።

ለብዙ ዓመታት የአንደኛ ደረጃ የሳይንስ መምህራንን አሠልጥኛለሁ፤ በየአውደ ርዕዩም በዳኝነት ተቀምጫለሁ። ከዚያ ያየሁትን ነው የማካፍልዎ።

ከእሳተ ገሞራው ልጀምር፤ እሱን ከመከልከል ማዞር ይሻላል። ኮምጣጤና ቤኪንግ ሶዳ ሲገናኙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ይወጣል፤ አረፋው የሱ ነው። እውነተኛ እሳተ ገሞራ በዚህ መንገድ አይፈነዳም፤ እዚያ ያለው ከመሬት ሥር የቀለጠ አለትና በውስጡ ታምቆ የቆየ ጋዝ ነው። ልጁ ያን ሁሉ ሸክላ ለቅልቆ የሚያሳየው ነገር ስለ እሳተ ገሞራ የሚያስተምረው ጥቂት ነው፤ ውጤቱም ገና ሳይጀምር ይታወቃል። ይህ ማሳያ ነው እንጂ ሙከራ አይባልም። አሁን ተራራውን እናንሳና ጠርሙስ እናስቀምጥ። በጠርሙሱ ውስጥ 100 ሚሊ ሊትር ኮምጣጤ ይግባ፤ ሶዳው በፊኛ ውስጥ ይሁን፤ ፊኛው በጠርሙሱ አፍ ላይ ይጥለቅና ቀና ይደረግ። ሶዳው ሲወርድ ፊኛው ይነፋል፤ ዙሪያውን በክር ለክቶ ክሩን ማስመሪያ ላይ መዘርጋት ነው። በግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ በአንድ፣ በአንድ ተኩል፣ በሁለት፣ በሁለት ተኩል እያሉ መድገም። ልጁ «ሶዳ በጨመርኩ ቁጥር ፊኛው ይተልቃል» ብሎ ይገምታል፤ እስከ አንድ ቦታም ልክ ነው። ከዚያ በኋላ ፊኛው ማደጉን ያቆማል። ለምን? መደበኛው 5 በመቶ አሲድ ያለው ኮምጣጤ ከሆነ፣ 100 ሚሊ ሊትሩ የሚጨርሰው 7 ግራም ገደማ ሶዳ ነው፤ ያ አንድ የሻይ ማንኪያ ተኩል አካባቢ ይሆናል። የተረፈው ሶዳ የሚገናኘው አሲድ ስለሌለ ጠርሙሱ ሥር ነጭ ሆኖ ይቀመጣል። የአራተኛ ክፍል ልጅ ያን ነጭ ዝቃጭ በዓይኑ አይቶ «ኮምጣጤው አለቀበት!» ሲል ሰምቻለሁ። የኬሚስትሪ መምህራን በኋላ በስንት ጭንቅ የሚያስተምሩትን ነገር በራሱ አገኘው።

ታዲያ የልጆቹን ጥያቄ ከየት ያመጣሉ? የመጀመሪያውን ሳምንት ለዚህ ብቻ ይስጡ። ክፍሉ ግድግዳ ላይ ትልቅ ወረቀት ይለጥፉ፤ ልጆቹ ያስገረማቸውን ሁሉ ይጻፉበት፤ ማንም አይስቅ፣ እርስዎም አያርሙ። አብዛኛው በ«ለምን» ይጀምራል፤ «ለምን» ደግሞ ለመጽሐፍ እንጂ ለማስመሪያ አይመችም። የእርስዎ ዋና ሥራ «ለምን»ን ወደ «የትኛው»፣ ወደ «ስንት»፣ ወደ «ምን ያህል ጊዜ» ማዞር ነው። አንድ ጊዜ አንድ ልጅ «ጉንዳኖች ለምን በሰልፍ ይሄዳሉ?» ብሎ ጽፎ ነበር። መልሱ ይታወቃል፤ መሬት ላይ የሚተዉትን ሽታ እየተከተሉ ነው። ልጁ ይህን ከመጽሐፍ ገልብጦ ካርቶን ላይ ሊለጥፍ ነበር። አጠገቡ ተቀመጥኩና እንዲህ ተባባልን።

«ሽታ ከሆነ ሊጠፋ ይችላል?»

«ይመስለኛል።»

«እንዴት ታጠፋዋለህ?»

ትንሽ አሰበና «በጣቴ መንገዳቸውን ብጠርገውስ?» አለ።

«ከዚያስ ምን ታያለህ?»

«ይጠፋባቸዋል... ከዚያ ያገኙታል።»

«በስንት ሰከንድ?»

አላወቀም፤ እኔም አላወቅሁም። ሰዓት ይዞ ወጣ። በደረቅ ጣት፣ በእርጥብ ጣት፣ በሳሙና በተነከረ ጨርቅ ጠርጎ፣ የመጀመሪያው ጉንዳን ያን መስመር እስኪሻገር ሰከንድ ቆጠረ። ማንም ወላጅ ያን ሥራ ሊሠራለት አይችልም ነበር፤ ሊሠራለት ቢፈልግ እንኳ ምንም የሚያሳምረው ነገር አልነበረውም።

አንድ ጥያቄ ለፕሮጀክት መብቃቱን የምፈትነው በቀላሉ ነው። ልጁ በማስመሪያ፣ በሰዓት፣ በሚዛን ወይም በመቁጠር ሊለካው ይችላል? በሁለት ሳምንት ያልቃል? ማንንም አይጎዳም? ሦስቱንም ካለፈ ይሂድበት፤ ለእኛ ለትልልቆቹ ተራ ቢመስለንም ግድ የለም። አንዱን ካላለፈ ይታጠፍ እንጂ አይጣል። ሁሉም ለብቻው ይሥራም አልልም፤ ክፍሉ ብዙ ልጅ ካለው ጥንድ ጥንድ ያድርጓቸው፣ አንዱ ሲለካ አንዱ ይመዘግባል። ከሦስት በላይ ከሆኑ ግን አንዱ ተመልካች ሆኖ ይቀራል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የፍትሐዊ ሙከራ ጉዳይ ነው፦ አንድ ነገር ብቻ ቀይር፣ አንድ ነገር ለካ፣ ሌላው ሁሉ እንዳለ ይቆይ። መጽሐፉ ላይ ነጻ ተለዋዋጭ፣ ጥገኛ ተለዋዋጭ እየተባለ ተጽፏል፤ ልጆቹ ቃሉን ሸምድደው ነገሩን ሲስቱት በተደጋጋሚ አይቻለሁ። የሚገባቸው ሲሳሳቱበት ነው። ሁለት የአምስተኛ ክፍል ልጆች ፔንዱለም፣ ማለትም በክር ተንጠልጥሎ ወዲያ ወዲህ የሚወዛወዝ ክብደት፣ ይዘው መጡ፤ ጥያቄያቸው «ክብደቱ ሲጨምር ቶሎ ቶሎ ይወዛወዛል?» የሚል ነበር። 50 ሳንቲ ሜትር ክር ላይ አንድ ሮንዴላ (መሃሉ ቀዳዳ ያለው የብሎን ቀለበት) አንጠልጥለው አሥር ውዝዋዜ ለኩ፣ አንዱ ውዝዋዜ ሄዶ መመለስ ነው፤ 14 ሰከንድ ከትንሽ። አምስት ሮንዴላ አደረጉ፤ ወደ 15 ሰከንድ ሄደ። «ሲከብድ ይዘገያል» ብለው በትልቁ ጻፉ። ደገሙት፤ እንደዚያው ሆነ። ልኬታቸው ምንም ነውር የለውም፤ ድምዳሜው ግን ስህተት ነው፤ የፔንዱለም ጊዜ የሚወሰነው በርዝመቱ እንጂ በክብደቱ አይደለም።

አልነገርኳቸውም። «እስቲ አሳዩኝ» ብቻ አልኩ። አንዷ ሮንዴላዎቹን አንዱን ከአንዱ ሥር እያሰረች እንደ ሰንሰለት አወረደቻቸው። ጓደኛዋ ዝም ብላ አየችና «ቆይ፣ ወደ ታች እኮ ረዘመ» አለች። ክብደቱን ሲጨምሩ ሳያውቁት ርዝመቱንም ጨምረው ነበር። አምስቱንም በአንድ ቋጠሮ አንድ ላይ አሰሯቸው፤ ጊዜው ተመልሶ 14 ሰከንድ ከትንሽ ሆነ። ካርቶናቸው ላይ የድሮውን ድምዳሜ በአንድ መስመር ሰርዘው አዲሱን ከሥሩ ጻፉት፤ የተሰረዘው እንዲነበብ ተዉት። ከዚያ ቀን ሥራዎች ሁሉ እኔ ከፍተኛውን ነጥብ የሰጠሁት ለዚያች ስርዝ ነው። ቀጥለው ርዝመቱን ለወጡ፦ 25 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ሄዶ ለመመለስ 1 ሰከንድ፣ 100 ሳንቲ ሜትር ሲሆን 2 ሰከንድ ገደማ። አራት እጥፍ አስረዝመው ጊዜው እጥፍ ብቻ መሆኑ ራሱ ሌላ ጥያቄ ሆነባቸው። የኔዘርላንዱ ሁይገንስ እ.ኤ.አ. በ1656 የፔንዱለም ሰዓት የሠራው በዚህ ባሕርይ ተጠቅሞ መሆኑን ስነግራቸው የግድግዳ ሰዓት ፍለጋ ሄዱ።

ፔንዱለም የመረጠ ልጅ ካለዎት ጥቂት ነገር ይንገሩት። አንዱን ውዝዋዜ ብቻ አይለካ፤ ጣት ሰዓቱን ለመጫን እስከ ሰከንድ አንድ አምስተኛ ድረስ ይዘገያልና አሥሩን ለክቶ ለአሥር ያካፍል። ሲለቅ «ዜሮ» ብሎ ይጀምር፤ «አንድ» ብሎ የጀመረ ልጅ ዘጠኝ ቆጥሮ አሥር ይላል። በጣምም አርቆ አይልቀቀው፤ ትንሽ ገፋ ማድረግ ይበቃል።

መደጋገም ላይ አይለሳለሱ። እያንዳንዱ ልኬት ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይሠራ፤ ሦስቱም ይጻፉ። አማካይ ገና ካልተማሩ ሦስቱን ቁጥር ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድረው መካከለኛውን ይውሰዱ፤ ለአራተኛ ክፍል ይህ ይበቃል። ተክል ከሆነ አንድ ዘር እዚህ፣ አንድ ዘር እዚያ አይሆንም፤ አንዱ ዘር በራሱ ምክንያት ሊሞት ይችላል። በየወገኑ አሥር አሥር ይዝሩ፤ ያልበቀለውም ይቆጠር።

ተክልን ካነሳሁ አይቀር፣ ዳኞችን ሁሉ የሚያጋጥም ነገር አለ። ልጁ ቦሎቄ ብርሃን ላይና ጨለማ ውስጥ ያበቅልና ቁመቱን ይለካል። የጨለማው ይበልጣል። «ተክል ጨለማ ውስጥ በደንብ ያድጋል» ብሎ ይደመድማል፤ ወላጅ ደግሞ ይህ ስህተት ነው ብሎ ቁጥሩን ያስቀይረዋል። እባክዎ አያስቀይሩ! ቁጥሩ እውነት ነው። ከጨለማ የበቀለ ችግኝ ብርሃን ፍለጋ ግንዱን ያስረዝማል፤ ቀጭን፣ ገርጣ ያለ ቢጫ፣ ቅጠሉም ያልተዘረጋ ይሆናል፤ የሚኖረውም ከዘሩ ስንቅ ነው። ችግሩ «በደንብ ማደግ» ማለት ቁመት ነው ብሎ መወሰኑ ላይ ነው። ልጁን «ከሁለቱ የትኛው ጤነኛ ይመስልሃል? ምን አይተህ?» ብለው ይጠይቁት። የቅጠሉን ቀለም፣ የቅጠሉን ብዛት፣ የግንዱን ውፍረት ራሱ መመዝገብ ይጀምራል።

ጊዜውን በተመለከተ፣ አምስት ሳምንት ይበቃል ግን አይተርፍም። አንደኛው ለጥያቄ ነው። ሁለተኛው ለግምትና ለመሞከሪያ ሙከራ፤ ይህን የመሞከሪያ ሙከራ ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ የመጨረሻውን ሳምንት ለቅሶ የሚያመጣውም መዝለሉ ነው። ምሳሌ ልስጥዎ። የሎሚ ባትሪ የመረጠ ልጅ አንድ ሎሚ ላይ የመዳብ ሽቦና ዚንክ የተቀባ ምስማር ሰክቶ አምፖል ይበራል ብሎ ይጠብቃል። አይበራም። አንድ ሎሚ የሚሰጠው 0.9 ቮልት አካባቢ ነው፤ ኤልኢዲ የምትባለው ትንሿ ቀይ መብራት እንኳ ወደ 1.8 ቮልት ትፈልጋለች። ሦስት ወይም አራት ሎሚ በተከታታይ ሲያያዝ ደብዘዝ ብላ ትበራለች፤ የባትሪ መብራት አምፖል ግን የሚጎርሰው ኤሌክትሪክ ብዙ ስለሆነ እንዲያም ሆኖ አይበራም። ይህን በሁለተኛው ሳምንት ያወቀ ልጅ «ስንት ሎሚ ያስፈልጋል?» የሚል ጥሩ ጥያቄ ይዞ ይቀጥላል። ሦስተኛውና አራተኛው ሳምንት ለልኬት ነው። ቦሎቄ ከአፈር ብቅ ለማለት ሞቅ ባለ ቦታ ሳምንት ገደማ ስለሚፈጅበት፣ የተክል ልጆች ከሁለተኛው ሳምንት ማለቂያ ወዲህ መዝራት የለባቸውም። አምስተኛው ሳምንት ለካርቶኑና ለንግግሩ ነው።

ወደ ወላጆች ልመለስ። ደብዳቤ ይጻፉላቸው፣ ግን «አትርዱ» አይበሉ፤ ልጁን የሚወድ ሰው እጁን አጣጥፎ መቀመጥ ይከብደዋል። የሚሠሩትን ሥራ ለይተው ይስጧቸው። በስለት መቁረጥ፣ የፈላ ውሃ መያዝ፣ ፎቶ ማንሳት፣ ዕቃ መፈለግ፣ ልጁ ሲለካ አጠገቡ መቆም፣ «ምን አየህ?» ብሎ መጠየቅ የእነሱ ነው። ጥያቄው፣ ግምቱ፣ ልኬቱ፣ ጽሑፉ የልጁ ነው፤ የፊደል ስህተት ቢኖርበትም። ከደብዳቤው በላይ የሚሠራው ግን ቦታውን መቀየር ነው። የሚቻለው ልኬት ሁሉ ክፍል ውስጥ ይሠራ፤ ካርቶኑም በአምስተኛው ሳምንት ክፍል ውስጥ ይዘጋጅ። ማስታወሻ ደብተሩ ትምህርት ቤት ይደር። ይህን የምለው ለወላጆች ሥራ ብቻ ብዬ አይደለም። ቤት የሚያግዘው ሰው የሌለው ልጅ አለ፤ ማታ ማታ ወላጆቹ ሥራ ላይ የሆኑ ልጅ አለ። የነሱ ካርቶን በአባት ከተሠራ የፀሐይ ሥርዓት ጎን ሲቆም ያለውን ፊታቸውን አይቻለሁ፤ ልጅ ከሳይንስ የሚሸሸው እንደዚያ ባለ ቀን ነው።

ደብተሩን አደራ። የፕሮጀክቱ ልብ እሱ ነው። ቀን፣ ሰዓት፣ የተለካው ቁጥር፣ የታየው ነገር ሥዕል፣ «ዛሬ ውሃ ማጠጣት ረሳሁ» የሚል ኑዛዜ፣ ሁሉም ይግባበት። በሌላ ወረቀት ጽፎ በኋላ አሳምሮ የሚገለብጥ ልጅ ካለ ይከልክሉት፤ ሲገለበጥ የሚጠፋው ዋናው ነገር ነው።

ስለ ጥንቃቄ አጥብቄ የምለው አለኝ። ከበር እጀታ ወይም ከመጸዳጃ ቤት ባክቴሪያ ወስዶ ማራባት ለዚህ ዕድሜ አይሆንም። አይሴፍ የሚባለው ዓለም አቀፍ የሳይንስና የምህንድስና አውደ ርዕይ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ላሉ ተማሪዎች ነው፤ ሕጉ ለእነዚያ ትልልቆቹም ቤት ውስጥ ባክቴሪያ ማራባትን አይፈቅድም። የዳቦ ሻጋታ የፈለገ ልጅ ብርሃን በሚያሳልፍ ላስቲክ ውስጥ አሽጎ ከውጭ ይይ፤ ሙከራው ሲያልቅ ሳይከፈት ይጣል። ኤሌክትሪክ ከባትሪ ብቻ፣ ከግድግዳ ሶኬት በጭራሽ። የጽዳት ዕቃ የሚያወዳድር ልጅ ካለ በረኪና አይጠቀም፤ በረኪና ከኮምጣጤ ጋር ሲቀላቀል ክሎሪን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣል፤ ልጆች ደግሞ መቀላቀል ይወዳሉ። ወደ ፀሐይ የሚያስመለክት ምንም ነገር አይፈቀድ። እንስሳ የሚያስርብ ወይም የሚያስጨንቅ ሙከራም እንዲሁ። በሌሎች ልጆች ላይ የሚሠራ ሙከራ፣ የማስታወስ ጨዋታም ቢሆን፣ በፈቃዳቸውና በወላጆቻቸው ፈቃድ ይሁን።

ካርቶኑ ላይ ብዙ አልቆይም። ጥያቄው ከላይ በትልቁ፣ ግራፉ መሃል፣ የእጅ ጽሑፍ የትም። ለአራተኛ ክፍል ባር ግራፍ በቂ ነው፤ ልጁ በማስመሪያ ያሰመረው ከኮምፒውተር ግራፍ ይበልጥብኛል፤ የትኛው ዘንግ ምን እንደሆነ ልጁን ስጠይቀው ይመልስልኛልና።

ንግግር አታስሸምድዷቸው። ዳኞችዎን ሰብስበው ለሁሉም ልጅ አንድ ዓይነት ጥያቄ እንዲጠይቁ ይስማሙ፦ ይህን ጥያቄ እንዴት አገኘኸው? ምን አስገረመሽ? ደግመህ ብትሠራው ምን ትቀይራለህ? ሥራውን የሠራ ልጅ በነዚህ ላይ ዓይኑ ይበራል፤ ያልሠራውም ወዲያው ይታወቃል። ደረጃን በተመለከተ፣ እስከ አራተኛ ክፍል አንደኛ፣ ሁለተኛ እየተባለ ባይሰጥ እመርጣለሁ። ዳኛው ለእያንዳንዱ ልጅ በብጣሽ ወረቀት ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጻፍለት፤ አንዱ ደስ ስላሰኘው ነገር፣ አንዱ ቀጥሎ ሊሞክረው ስለሚችለው። ልጆች ያችን ብጣሽ ወረቀት ደብተራቸው ውስጥ ለጥፈው ዓመቱን ሙሉ ሲያቆዩ አይቻለሁ። ትምህርት ቤቱ ሽልማት የግድ ካለም ከሽልማቶቹ አንዱ «ግምቱን ለቀየረ ልጅ» ይሁን።

አሁን የመጨረሻው ጥያቄዎ። ግምቱ ያልያዘለት ልጅ ምንም አልጎደለበትም፤ «እንዲህ ይሆናል ብዬ ነበር፣ እንዲያ ሆነ» ብሎ ይቅረብ፤ ይህ ሙሉ ፕሮጀክት ነው። በትክክል የከሸፈበት፣ ዘሩ ሁሉ የበሰበሰበት ወይም ጠርሙሱ የተሰበረበት ልጅ ደግሞ ሌላ ነው፤ እሱ ይደነግጣል፣ ወላጁም አብሮት ይደነግጣል፤ አውደ ርዕዩ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው አዲስ ሥራ ከኢንተርኔት ወርዶ የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። ያን ልጅ ቀድመው ያግኙት። ደብተሩን ይክፈቱና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብራችሁ አንብቡ። አሥሩም ዘር ከበሰበሰ ስንት ውሃ በስንት ቀን እንደሰጠ ተጽፎ ይገኛል፤ ካርቶኑ ላይ የሚወጣው እሱ ነው፦ ያሰበው፣ ያደረገው፣ የሆነው፣ ምክንያቱ ይህ ይመስለኛል የሚለው። ጊዜ ካለ ያንኑ ጥያቄ በትንሹ ይድገመው፤ ዘሮቹን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ቢያስቀምጥ በሦስት በአራት ቀን ሥር ሲያወጡ ያያል። የበሰበሱትንም ዘሮች በታሸገ ላስቲክ አድርጎ ከካርቶኑ ሥር ያስቀምጣቸው፤ ከጎበኚዎቹ ብዙዎቹ መጀመሪያ የሚያጎነብሱት እነሱን ለማየት ነው።